«እሱ ያውቃል» ካልን በኋላስ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ጅማን አዳርሷል። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ጮክ ብሎ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ለእኔ ብቻ በሦስት ሰው በኩል ደረሰኝ። አንዱ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነው፤ «ባዮሎጂ፣ ምን ትላለህ?» ብሎ ላከው። (እኛ ጋ መምህራን እርስ በርስ የምንጠራራው በትምህርታችን ነው።) ሁለተኛው የአክስቴ ልጅ ነው። ሦስተኛው ላኪ አባቴ ናቸው። አባቴ ምንም አልጻፉበትም። ዝም ብለው ነው የላኩት። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ እሱ ዝምታ ነው።

ጽሑፉ ረዘም ያለ ነው፤ አማርኛውም ያምራል። ሳላጣምም ላሳጥረው። አምስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ሳይንስ መልስ ያጣለት ነገር ሁሉ የፈጣሪ እጅ ያለበት ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ምርምሩን ማቆም ይገባል። ሁለተኛ፣ ሳይንስ ትናንት ያለውን ዛሬ ይሽራል፤ የሚሻር ነገር ደግሞ እውነት አይባልም። ሦስተኛ፣ «ለምን» እና «እንዴት» ማብዛት እምነትን ይሸረሽራል፤ አባቶቻችን «እሱ ያውቃል» ብለው በሰላም ኖረዋል። አራተኛ፣ ታላላቆቹ ሳይንቲስቶች ራሳቸው አማኞች ነበሩ። አምስተኛ፣ ሐኪም የማያውቃቸው የመንፈስ በሽታዎች ስላሉ እነዚህን ይዞ ሆስፒታል መሄድ ማባባስ ነው።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ሶላቴን እሰግዳለሁ፣ ረመዳንን እጾማለሁ። ይህን የምለው «ይሄ ደግሞ ከሃዲ ነው» የሚለውን አስተያየት ከወዲሁ ለመገላገል ነው። ከጸሐፊው ጋር የማልስማማው ፈጣሪ አለ በማለታቸው አይደለም። ስሙን ያስቀመጡበት ቦታ ነው ያላማረኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አባቴ ጎማ ወረዳ ቡና አላቸው። ቡና መጀመሪያ የተገኘባት የምትባለው ጮጬም እዚያው ወረዳ ናት፤ የከፋ ዞን ሰዎች ቡና የተገኘው እኛ ጋ ነው ስለሚሉ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፣ እሱን ለነሱ እተወዋለሁ። ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 ነው። (ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ኬንያ ውስጥ ከ1922 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በሽታው እኛ መንደር ሲገባ አባቴ ልጅ ነበሩ። አያቴ ጠዋት ቡናው ውስጥ ገብተው አንድ አረንጓዴ ፍሬ ቀጥፈው ይዘው እንደወጡ እስከ ዛሬ ያወራሉ። ፍሬው ጎን ላይ የጣት ጥፍር የተጫነው የሚመስል ጥቁር ነጥብ ነበር፤ ወደ ውስጥ የሰረጎደ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ነጥቡ ፍሬውን ሙሉ ዋጠው። ግማሹ ረገፈ። የቀረው ጠቁሮና ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠለጠለ።

መንደሩ ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ቁጣ ነው ተባለ። ዘካ በትክክል አልወጣም፤ እከሌ የጎረቤቱን ድንበር ገፍቷል። ዱዓ ተደረገ፣ ሰደቃ ወጣ። እኔ በዚህ አልስቅም። ሌላ ምን በእጃቸው ነበር?

ግን መልሱን ጠጋ ብለን እንየው። ቡናው ከታመመ ቁጣ ነው። ከዳነ ምሕረት ነው። የጎረቤቴ ታሞ የኔ ከተረፈ ለሱ ፈተና ነው፤ የኔ ታሞ የሱ ከተረፈ ደግሞ ለኔ። ምን ቢመጣ ይህ መልስ አይሳሳትም። ሁሉንም ያስረዳል፤ ነገ ጠዋት ቡናው ውስጥ ገብቼ ምን ልሥራ ለሚል ሰው ግን አንድም ነገር አይነግረውም።

አሁን ሌላውን ጥያቄ ስሙ። በዚያው ሰሞን ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ መልኮ ያለው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በየጫካውና በየገበሬው ማሳ ዞሩ። ያዩት ነገር ገበሬውም ያየው ነው። በታመመ ቡና መሀል አልፎ አልፎ አንድ ዛፍ ፍሬው ንጹሕ ሆኖ ይቆማል። ገበሬው «የታደለ ዛፍ» ብሎ አለፈ። እነሱ «ይሄኛው ለምን ተረፈ?» ብለው ቆሙ። ዘሩን ሰበሰቡ። ችግኝ አድርገው አፈሉት። ከዚያ ችግኙ ላይ ሆን ብለው በሽታ አምጪውን ፈንገስ እየረጩ የትኛው እንደሚሞት፣ የትኛው እንደሚቆም መዘገቡ። በሽታው ከፍሬ ወደ ፍሬ በዝናብ ፍንጥቅጣቂ እንደሚሄድ፣ ደጋና እርጥብ ቦታ እንደሚብስበትም ታወቀ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የመጡት እንዲህ ነው። መነሻቸው መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ነው። «74» የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን ያመለክታል። በ1979 ለገበሬ ተለቀቁ።

ጸሐፊው በ1973 የመልኮን ባለሙያዎች ቢያገኟቸው ኖሮ፣ በራሳቸው ደንብ ከሄድን «ይህ ሳይንስ መልስ ያጣለት ነገር ነውና አቁሙ» ማለት ነበረባቸው። በዚያን ዓመት በርግጥም መልስ አልነበረም። የአንድ ነገር መልስ ዛሬ አለመኖሩ የሚነግረን ስለኛ ነው፤ ገና አልደረስንበትም ማለት ነው። ከዚያ ተነስቶ «እንግዲህ ይህ የፈጣሪ ነው፣ ያኛው ግን አይደለም» ብሎ ዓለሙን ለሁለት መክፈል ከየት መጣ?

አንድ ነገር ግን እሰጣቸዋለሁ። በሽታ የመቋቋሙን ኃይል መልኮ አልፈጠረውም። ጫካው ውስጥ ድሮም ነበረ። አባቴ «ይህም የአላህ ጸጋ ነው» ይላሉ፤ ባለ ቁጥሩን ችግኝ ሲተክሉም በየጉድጓዱ ቢስሚላህ ይላሉ። እኔም አብሬ እላለሁ። ጸጋውን ያገኘው ግን የፈለገው ሰው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፦ ሳይንስ ይለዋወጣል። አዎ፣ ይለዋወጣል። መንገድ የሳተ ባጃጅ ሲዞር «ይኸው፣ ይሄ ሰውዬ ይለዋወጣል» ብሎ የወረደ ተሳፋሪ ግን እስካሁን አላየሁም። ስሕተቱን እያወቀ ቀጥ ብሎ የሚነዳው ነው የሚያስወርደኝ።

ምሳሌ ሩቅ አልሄድም። ግልገል ጊቤ አንድ በ2004 ኃይል ማመንጨት ሲጀምር ያ ሁሉ ውሃ ወባ ያመጣ ይሆን የሚል ሥጋት ነበር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሉበት ቡድን ቀበሌ ለቀበሌ ሄዶ የልጆች ደም መረመረ። በ2009 የወጣው ጥናት ከግድቡ ሐይቅ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ልጆች ራቅ ካሉት ይበልጥ ይያዛሉ አለ። ከዚያ ልጆችን በቦታቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተከታተለ ሌላ ጥናት መጣ። በ2013 ታተመ። እሱ ደግሞ ለግድቡ መቅረብ ብቻውን ልዩነት አላመጣም፤ ወቅቱ ነው ይበልጥ የሚወስነው አለ። በሁለቱም ጥናቶች ውስጥ አንዳንዶቹ ተመራማሪዎች ያው ሰዎች ናቸው! ትናንት ራሳቸው የጻፉትን ዛሬ ራሳቸው ሲፈትኑት። ጸሐፊው ይህን ድክመት ካሉት፣ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ድክመት ያለው ሰው ብዙ አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ።

ደግሞስ ሃይማኖታዊው ማብራሪያ አልተለዋወጠም? ፈንጣጣን አስቡት። ስንት ዘመን ቁጣ ተባለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ታማሚ የታየው በ1976 ነው፤ በ1980 ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ዛሬ ስለ ፈንጣጣ ቁጣ የሚሰብክ የለም። ማብራሪያው ማንም ሳይሽረው፣ ይቅርታም ሳይጠየቅበት፣ ቀስ ብሎ ከክፍሉ ወጣ። ወደሚቀጥለው ያልታወቀ በሽታ ተዛወረ።

እዚህ ላይ ግን የኛን ወገንም ልንካ። «ጥናት እንዳረጋገጠው» እያሉ በቲክቶክ ዱቄት የሚሸጡ ሰዎች አሉ። የትኛው ጥናት ሲባሉ መልስ የላቸውም። ይህም ጥያቄ መዝጊያ ነው፤ ነጭ ጋውን የለበሰ «እሱ ያውቃል» በሉት። ሳይንስ ስሙ ሲጠራ አፋችንን እንድንዘጋ የሚፈልጉ ሰዎች ጸሐፊውን ቢያበሳጯቸው አይፈረድባቸውም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የሚያመኝ እሱ ነው። መጠየቅ እምነትን ይሸረሽራል ይላሉ፤ ለማስረጃም አባቶቻችንን ይጠራሉ።

መስጊድ ሄዶ ደርስ (የሃይማኖት ትምህርት) የተቀመጠ ሰው «ወላሁ አዕለም» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። አላህ የበለጠ ያውቃል ማለት ናት። ሼሁ መቼ ነው የሚሏት? ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ማስረጃውን ያመጣሉ። እከሌ እንዲህ ብሏል፣ እከሌ ግን ተቃውሟል ይላሉ። ራሳቸው ወደየትኛው እንደሚያደሉ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ፣ በመጨረሻ፣ «ወላሁ አዕለም»። ልሳሳት እችላለሁ እንደማለት ነው። ጸሐፊው ይህቺን ቃል አንስተው መጀመሪያ ላይ አስቀመጧት። ሥራው ሳይሠራ። ጀበናው ቡና ሳይገባበት ውታፍ እንደማድረግ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዉ ወዲያው አገናኘው፤ ለኢብራሂም ሞት ነው አለ። አስቡት፤ ላዘነ አባት ከዚህ የሚበልጥ ክብር ምን አለ? እሳቸው ግን አልተቀበሉትም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም መሞት ወይም መኖር ብለው እንደማይጋረዱ ተናገሩ። ምልክት ብለዋል፤ ስገዱም ብለዋል፤ ይህን አልደብቅም። የቀረበላቸውን የተሳሳተ ምክንያት ግን፣ ለሳቸው ክብር ቢሆንም እንኳ፣ እዚያው ጣሉት።

ክርስቲያን ወንድሞቼም የራሳቸው አላቸው። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ እሱም ወላጆቹም አይደሉም የሚል ነው። የጸሐፊው ዓይነት ማብራሪያ ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው። ያን ጊዜም ተመልሷል።

የሶላት ሰዓትና የቂብላ አቅጣጫ በትክክል ይታወቅ ሲባል ስንት የሰማይ ስሌት ተሠራ! በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን አሽ-ሻጢር የሚባለው የደማስቆ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሥራው የኡመያድ መስጊድ ሰዓት ጠባቂነት ነበር። እኛ አገርም በዓላቱ መቼ እንደሚውሉ ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ የሚማር ዲያቆን ቀኑን ሙሉ ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል። እነዚህ ሰዎች እምነታቸው አስቆጠራቸው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 በኛ አቆጣጠር፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት የሆነችበት ጠዋት፣ ጅማ ላይ በከፊል ተጋርዳ ነበር። የጊቢያችን ግድግዳ ላይ በአቮካዶው ቅጠሎች መሀል የሚገባው ብርሃን ሁሉ ትንንሽ ማጭድ ሆኖ ታየ። በመቶ የሚቆጠር ማጭድ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል። እናቴ «ሱብሃነላህ» አለች። እኔ የቅጠሎቹ ቀዳዳ እንዴት የፀሐይን ምስል እንደሚጥል አስረዳኋት። ሰምታኝ ስትጨርስ እንደገና «ሱብሃነላህ» አለች፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይረዝም ነበር። ነሐሴ 2 ቀን 2027 በፈረንጅ ደግሞ ፀሐይ መካ ላይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። ይህን ዛሬ ላይ ሆነን የምናውቀው አንድ ሰው መቁጠር ስላላቆመ ነው።

አራተኛው፣ ሳይንቲስቶቹ አማኞች ነበሩ። ነበሩ፤ አልከራከርም። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል መነኩሴ ነበር፤ 8 ዓመት ያህል በገዳሙ ጊቢ አተር ሲዘራ ወደ 28,000 ተክል አልፎበታል። ዘር ለምን እናቱን ይመስላል ለሚለው «እሱ ያውቃል» ማለት ለሱ ቀላል ነበር። ኒውተን ግን የጸሐፊውን መንገድ አንድ ጊዜ ሞክሮታል። ፕላኔቶች እርስ በርስ ሲሳሳቡ ምሕዋራቸው ቀስ በቀስ ይዛባል፤ ፈጣሪ አልፎ አልፎ ያስተካክለዋል ብሎ አሰበ። በ1715 ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ፣ እሱም አማኝ ነው፣ ተሳለቀበት፦ ታዲያ ፈጣሪ በየጊዜው የሚሞላ ሰዓት ነው የሠራው? ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ የጁፒተርና የሳተርን መዛባት ወደ 900 ዓመት በሚጠጋ ዑደት ተመልሶ እንደሚስተካከል በስሌት አሳየ። ኒውተን ለፈጣሪ የሰጠው ሥራ ያን ጊዜ ተወሰደ። የጸሐፊው ሐሳብ ጣጣው ይህ ነው። ፈጣሪን ባላወቅነው ነገር ላይ ብቻ ካስቀመጥነው ባወቅን ቁጥር ቦታ እናሳጣዋለን። ከአማኝ የማልጠብቀው ነገር ነው።

አምስተኛው ቀልድ የለውም።

ዘጠነኛ ክፍል እያስተማርኩ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ከኋላ ዴስክ ሲጎተት ሰማሁ፤ አንዲት ልጅ ወድቃለች። «ክብሪት! ክብሪት!» ተባለ። እኔ ሳልደርስ አንዱ ለኩሶ አፍንጫዋ ሥር ይዞታል፤ የድኙ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ክብሪቱን አስጣልኩ፣ ሹራቤን ከጭንቅላቷ ሥር አድርጌ በጎኗ አስተኛኋት፣ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ቆመ። አንድ ተማሪ «ክብሪቱ ሠራ» አለ።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ዓመቱን ሙሉ አስተምሬባታለሁ። የሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ምንም ብታደርግ ያደረግኸው ነገር የሠራ ይመስላል። ክብሪትም፣ ቁልፍ ማስያዝም፣ ጩኸትም። የዳነውን ብቻ የሚቆጥር ሰው ሁሉም ነገር መድኃኒት ይሆንለታል። ጸሐፊው የጠቀሷቸውን የዳኑ ሰዎች አልክድም። ያልዳኑትን ግን የት ጻፏቸው?

የልጅቷ ቀኝ እጅ ጠባሳ አለው። ቡና ስትቆላ ወድቃ እሳቱ ላይ ያረፈችበት ነው። ሁለት ዓመት ትምህርት አቋርጣ በየቦታው ዞራለች፤ መንፈስ ነው እየተባለ። እናቷን አነጋግሬአታለሁ። ሰነፍ እናት አይደለችም፤ ላሟን ሸጣለች። ሆስፒታልን ለምን እንደፈራችው ስትነግረኝ ጸሐፊው አንድ እውነት እንዳላቸው ገባኝ። አንድ ጊዜ ሄዳ ነበር፤ ረጅም ሰልፍ፣ ቀና ብሎ ያላያት ሰው፣ ምንነቱ ያልተነገራት ወረቀት። የጸለዩላት ሰዎች ግን ቁጭ ብለው ሰምተዋታል። ይህን ጥፋት ሐኪሞች ራሳቸው ሊመልሱት ይገባል።

ጸሐፊው ይህን በሽታ ሐኪም አያውቀውም ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። በጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚታወቀው የዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ የተጻፈ ጽሑፍ ይህንኑ በሽታ ያነሳል። ሰዎች ከአምላክ ነው የሚሉት ስላልገባቸው ነው፤ መነሻው አንጎል ነው ይላል። ዛሬ የአንጎል ሴሎች የኤሌክትሪክ መልእክት በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲፈነዳ እንደሚመጣ ይታወቃል፤ በመሣሪያም ይታያል። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ኪኒን ለዚህ በሽታ መሰጠት የጀመረው በ1912 ነው። ሁሉንም ሰው አያድንም። ብዙዎችን ግን ከእሳት ላይ ከመውደቅ ይከለክላል።

እናትየው በመጨረሻ አብራኝ ሄደች። ጸሎቱን ተዪ ያላት የለም፤ እኔም አላልኳትም። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ጥሏታል፤ ሁለቱም መድኃኒቱ ያለቀባት ሰሞን ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ኪኒኗን የምትውጠው ከዒሻ ሶላት በኋላ ነው። እንዳትረሳው ብላ ዘዴውን ያወጣችው እናቷ ናት።